ፓስፖርትህን አስረክብ፦ ነውጠኛ ደጋፊ ወደ ዓለም ዋንጫ እንዳይሄድ የሚያግደው ሕግ

የዓለም ዋንጫ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ የተወሰኑ ሰዎች ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። እዚህ ፖሊስ ጣቢያ ቀርበህ ፓስፖርትህን አስረክብ ይላል። ለ2022ቱ የኳታር ውድድር እንዲህ ከጉዞ የታገዱት ከ1300 በላይ ነበሩ። አልታሰሩም። ሥራቸውን ይሠራሉ፣ ጨዋታውንም ቤታቸው ሆነው በቴሌቪዥን ይኮመኩማሉ። ከአገር መውጣት ግን የለም። ውድድሩ እስኪያልቅ ፓስፖርቱ ፖሊስ ጋ ነው።

ግራ የሚያጋባው፣ ሰዎቹ በዚህኛው ውድድር ያጠፉት ነገር አለመኖሩ ነው። ውድድሩ ራሱ ገና አልተጀመረም። ታዲያ ሰው ገና ላላደረገው ነገር እንዴት ይታገዳል? ይህን የሚፈቅደው ሕግ ከየት መጣ? ልኩስ እስከ የት ነው? ቀስ ብለን እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ድንበር ላይ መመለስ ለምን አይበቃም?

"ጠበኛውን አስተናጋጇ አገር ድንበር ላይ ትመልሰው" ማለት ለአፍ ቀላል ነው። ችግሩ ግን ጠበኝነት ግንባር ላይ አይጻፍም። የፈረንሳይ የድንበር ሠራተኛ አንድን የሞስኮ ወይም የማንችስተር ነዋሪ ከየት ያውቀዋል? የሚያውቀው የሰፈሩ ፖሊስ ነው። በየሳምንቱ ስታዲየም በር ላይ ያየዋል፣ ከነማን ጋር እንደሚውል ያውቃል፣ ስንት ጊዜ እንደታሰረም መዝገብ አለው።

የ2016ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ይህን ቁልጭ አድርጎ አሳየ። በጁን 2016 እንግሊዝና ሩሲያ ማርሴይ ላይ ሲገናኙ ከተማው ለቀናት የአምባጓሮ ሜዳ ሆነ። ጨዋታው እንዳለቀም ስታዲየሙ ውስጥ የሩሲያ ደጋፊዎች እንግሊዛውያኑ ወደነበሩበት ክፍል ሰብረው ገቡ። የፈረንሳይ ፖሊስ በኋላ አንድ የሩሲያ ደጋፊዎችን የጫነ አውቶቡስ አስቁሞ ያዘ። ሦስቱ ታሰሩ፣ 20ዎቹ ወደ አገራቸው ተባረሩ። ከተባረሩት አንዱ የሩሲያ ደጋፊዎች ማኅበር መሪ ነበር።

ሰውየው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከተባረረ ከሁለት ቀን በኋላ ሩሲያ ከዌልስ ስትጫወት ቱሉዝ ስታዲየም ውስጥ ተገኘ። ራሱ እንደተናገረው የገባው በባርሴሎና በኩል ነው፤ ቪዛውን የሰረዘበት አልነበረም። ከስፔን ወደ ፈረንሳይ ደግሞ በመደበኛው ጊዜ ፓስፖርት የሚጠይቅ የለም። እንደገና ተይዞ እንደገና ተባረረ።

ማባረር እንግዲህ ይህን ያህል ቀዳዳ አለው። የገዛ አገሩ ገና ከመነሻው ፓስፖርቱን ይዛበት ቢሆን ኖሮ ባርሴሎናም አይደርስም ነበር።

ሄይዝል፣ ሂልስቦሮ፣ ሻርለሯ

በሜይ 29 ቀን 1985 ብራስልስ በሚገኘው ሄይዝል ስታዲየም ሊቨርፑልና ጁቬንቱስ ለአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ ሲገናኙ 39 ሰዎች ሞቱ። የሊቨርፑል ደጋፊዎች ወደ ጎረቤት መቀመጫ ሲንደረደሩ፣ የሚሸሸው ሕዝብ ተጨፍልቆ ግንብ ተደረመሰ። የእንግሊዝ ክለቦች ለ5 ዓመት ከአውሮፓ ውድድር ታገዱ፤ ሊቨርፑል አንድ ዓመት ተጨመረበት። ሦስት ወር ሳይሞላ የአውሮፓ ምክር ቤት አባል አገሮች ስለ ተመልካች ነውጥ ስምምነት አዘጋጁ። በ2016 ሰን-ደኒ ላይ በተፈረመው አዲስ ስምምነት እስኪተካ ድረስ አገሮች በዚህ ጉዳይ የሚተባበሩበት ዋናው ሰነድ ይኸው ነበር።

እንግሊዝ በ1989 የእግር ኳስ ተመልካቾች ሕግ አወጣች። ሕጉ ሁለት ክፍል ነበረው። አንደኛው ክፍል ስታዲየም የሚገባ ሰው ሁሉ የአባልነት መታወቂያ ይያዝ የሚል ነበር፤ የማርጋሬት ታቸር መንግሥት በጣም የተመኘው እሱን ነው። በዚያው ዓመት በእንግሊዙ ሂልስቦሮ ስታዲየም የመጨናነቅ አደጋ ደረሰ፤ የሟቾቹ ቁጥር በመጨረሻ 97 ሆኗል። እዚያ ሰው የሞተው በደጋፊ ነውጥ ሳይሆን በፖሊስ የአያያዝ ጉድለት እንደሆነ ዛሬ የታወቀ ነው። አደጋውን የመረመሩት ዳኛ ቴይለር የመታወቂያውን ሐሳብ አልደገፉትም፣ ተቀበረ። (እንኳንም ተቀበረ። በጥቂቶች ጥፋት ሚሊዮኑን ሁሉ ተጠርጣሪ የሚያደርግ ሐሳብ ነበር።) የተረፈው ሁለተኛው ክፍል ነው፤ ጥፋተኛ የተባለን የተወሰነ ሰው ወደ ውጭ ጨዋታ እንዳይሄድ ማገድ።

ይህ ክፍል ግን ጥርስ አልነበረውም። የታገዱት ጥቂት ነበሩ፣ ፓስፖርትም ግድ አይወሰድባቸውም ነበር። ከዚያ የቤልጂየሟ ከተማ የሻርለሯ ጉዳይ መጣ። የ2000ው የአውሮፓ ዋንጫ በቤልጂየምና በኔዘርላንድስ ሲካሄድ፣ እንግሊዝ ጀርመንን 1 ለ 0 ባሸነፈችበት ቀን በከተማዋ አደባባይ የፕላስቲክ ወንበር እንደ ዝናብ ወረደ፤ የቤልጂየም ፖሊስ በውኃ መድፍ በተነው። በውድድሩ ከ900 በላይ እንግሊዛውያን ተያዙ። የአውሮፓ እግር ኳስ የበላይ አካል ዩኤፋም ይህ ከተደገመ ቡድናችሁን አባርራለሁ ብሎ አስጠነቀቀ።

የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጃክ ስትሮው አዲስ ሕግ ይዘው ፓርላማ ገቡ። ሕጉ ሻርለሯ ከሆነ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ጸደቀ፣ በኦገስት 2000 ሥራ ላይ ዋለ። እንዲህ በጥድፊያ የወጣ ሕግ ሁሌም ያጠራጥራል። ፓርላማውም ሳይጠራጠር አልቀረም፤ ከባዶቹን ሥልጣኖች የሰጣቸው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነበር። በ2002 ተራዘሙ፣ በ2006 ቋሚ ሆኑ። ጊዜያዊ የተባለ ሥልጣን ብዙ ጊዜ መጨረሻው እንዲህ ነው።

እገዳው እንዴት ይመጣል?

በሁለት መንገድ። የመጀመሪያው ብዙም አያከራክርም። ሰውየው ከኳስ ጋር በተያያዘ ወንጀል ተከሶ ጥፋተኛ ይባላል። ተደባድቦ፣ ሜዳ ውስጥ ዘሎ ገብቶ፣ ወይም የዘረኝነት ዘፈን ዘፍኖ ሊሆን ይችላል። ከ2022 ወዲህ ተጫዋችን በኢንተርኔት በዘሩ የሚሳደብም፣ ጨዋታ ላይ እንደ ኮኬይን ያለ ዕፅ ይዞ የሚገኝም ተጨምሯል። ፍርድ ቤቱ ከቅጣቱ በላይ የእግር ኳስ እገዳ ትዕዛዝ ይሰጣል። እስር ከተፈረደበት እገዳው ከ6 እስከ 10 ዓመት ነው፤ ካልተፈረደበት ከ3 እስከ 5።

ሁለተኛው መንገድ ነው ጭቅጭቅ ያመጣው። እዚህ የወንጀል ክስ አያስፈልግም። ፖሊስ ወይም አቃቤ ሕግ ለፍርድ ቤት አቤቱታ ያቀርባል፣ ፍርድ ቤቱም ሁለት ነገር ይመረምራል። ሰውየው ከዚህ በፊት፣ እዚያው አገርም ሆነ ውጭ፣ በነውጥ ወይም በሁከት ተሳትፎ ያውቃል ወይ? እሱን ማገድስ ከጨዋታ ጋር የተያያዘ ሁከት ለመከላከል ይረዳል ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት አለ ወይ? ለሁለቱም መልሱ አዎ ከሆነ ትዕዛዙ ይወጣል። የቀድሞው ነውጥ ከኳስ ጋር የተያያዘ መሆን እንኳ የለበትም።

ማስረጃው ምን ይመስላል? ብዙ ጊዜ ፖሊስ ስለ ሰውየው ያጠናቀረው ፋይል ነው። እንዲህ ባለ ቀን ባቡር ጣቢያ ከታወቁ ጠበኞች ጋር ታየ፤ እንዲህ ባለ ቀን ጠርሙስ ሲወረወር ቡድኑ መሐል ነበር፤ ቪዲዮው ይኸውና። አንዱን ቅጠል ለብቻው ብታዩት ምንም ላይመስል ይችላል። ፖሊስ የሚከራከረው በድምሩ ነው።

ትዕዛዙ አንዴ ከወጣ ሰውየው በ5 ቀን ውስጥ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ይመዘገባል። ስሙን ወይም አድራሻውን ከቀየረ ያሳውቃል። አገር ውስጥ ስታዲየም መግባት አይችልም። ብሔራዊ ቡድኑ ወይም የእንግሊዝ ክለብ ውጭ ሲጫወት ደግሞ የቁጥጥር ጊዜ የሚባለው ይታወጃል። ለትልቅ ውድድር ይህ ጊዜ ከመክፈቻው ጨዋታ ጥቂት ቀናት ቀድሞ ጀምሮ እስከ ፍጻሜው ይዘልቃል። ፓስፖርት የሚያዘው በዚህ ጊዜ ነው። ያላስረከበ እስከ 6 ወር ሊታሰር ይችላል፣ ገንዘብም ይቀጣል።

ሰው ልብ የማይለው አንድ ነገር አለ። ፓስፖርቱ ከተያዘ የትም መሄድ አይቻልም። ውድድሩ ኳታር ቢሆንና እሱ ቤተሰቡን ይዞ ስፔን ባሕር ዳር ለመዝናናት ቢያስብ፣ ያም ቀረ። ለዚህ ሕጉ መተንፈሻ ትቷል። ቀብር፣ የሥራ ጉዞ፣ ቀድሞ የተከፈለበት ዕረፍት ያለው ሰው ማስረጃውን ይዞ ለዚያ ጊዜ ነጻ አድርጉኝ ብሎ ማመልከት ይችላል። እምቢ ከተባለ ይግባኝ አለው። እገዳው በአጠቃላይ እንዲነሳለትም ከዘመኑ ሁለት ሦስተኛው ካለፈ በኋላ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል።

አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የሚያዘውስ?

ሕጉ ለትዕዛዝ ያልደረሱትንም አይምርም። በቁጥጥር ጊዜ ውስጥ የደንብ ልብስ የለበሰ ፖሊስ አንድን የእንግሊዝ ዜጋ ከአውሮፕላን ወይም ከመርከብ ሰልፍ አውጥቶ እስከ 4 ሰዓት ሊያቆየው ይችላል፤ አለቃው ከፈቀደ እስከ 6። በዚያ ጊዜ መዝገቡን ያገላብጣል። ከጠረጠረው በጽሑፍ ያዘዋል፦ ከአገር አትውጣ፣ ፓስፖርትህን ስጥ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ቅረብ። ፍርድ ቤቱም ያንን ጽሑፍ እንደ አቤቱታ ወስዶ ያየዋል።

እንግዲህ አስቡት። ትኬት ቆርጣችኋል፣ ሆቴል ከፍላችኋል፣ ጓደኞቻችሁ ገብተው ተቀምጠዋል። ፖሊሱ ተሳስቶ ቢሆንስ? ፍርድ ቤቱ አቤቱታውን ውድቅ ካደረገ ካሣ ሊያስከፍል ይችላል፣ ጣሪያው 5000 ፓውንድ ነው። ጨዋታው ግን አምልጧል። እኔን ከሕጉ ሁሉ በጣም የሚከብደኝ ይህ ክፍል ነው። የፍርድ ቤት ውሳኔ ሳይኖር፣ በአንድ ፖሊስ ግምት ብቻ፣ ሰው ከአገሩ እንዳይወጣ ይደረጋል። ለሰዓታት ብቻ መሆኑ ትንሽ ያቀለዋል እንጂ አያጠፋውም።

ቅጣት ነው ወይስ መከላከያ?

ሁለት የደርቢ ካውንቲ ደጋፊዎች በሁለተኛው መንገድ፣ ማለትም በፖሊስ አቤቱታ፣ ታግደው ነገሩን ፍርድ ቤት ወሰዱት። ክርክራቸው ቀላል አልነበረም። ይህ ስሙ ተቀየረ እንጂ ቅጣት ነው፤ ቅጣት ከሆነ ደግሞ የወንጀል ችሎት ዋስትናዎች ሁሉ ይገቡናል፤ በዚያ ላይ በአውሮፓ ውስጥ በነጻ የመዘዋወር መብታችን ተነካ አሉ።

ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በማርች 2002 ፈረደባቸው። እገዳው ቅጣት ሳይሆን መከላከያ ነው፣ ሂደቱም የፍትሐ ብሔር ነው አለ። የመዘዋወር መብትም ለሕዝብ ጸጥታ ሲባል ሊገደብ ይችላል። ነገር ግን ፍርድ ቤቱ አንድ ትልቅ ነገር ጨመረ። ውጤቱ ከባድ ስለሆነ ማስረጃውም ከባድ መሆን አለበት፤ በተግባር ከወንጀል ችሎት መለኪያ የማይተናነስ። "ሳይሆን አይቀርም" አይበቃም ማለት ነው።

በእኔ አስተያየት ሕጉን ያተረፈው ይህ ጭማሪ ነው። ያለዚያ የፖሊስ ፋይል ብቻውን ፓስፖርት የሚያስነጥቅ ነገር ይሆን ነበር። ለታገደው ሰው ግን መከላከያ በሉት ቅጣት፣ ጣቢያው መስኮት ላይ ፓስፖርቱን ሲሰጥ ስሜቱ ያው ነው።

ይሠራል ወይ?

በ2006 ጀርመን ላይ ለተካሄደው የዓለም ዋንጫ የታገዱት እንግሊዛውያን ከ3000 በላይ ነበሩ፤ ውድድሩም ከሻርለሯ ጋር አይወዳደርም። መንግሥት "ይኸው ሠራ" ይላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይዘጋም።

በ2004 ፖርቹጋል ላይ በተካሄደው የአውሮፓ ዋንጫ የሆነውን ተመልከቱ። ጨዋታ በሚካሄድባቸው ከተሞች ብዙ አሥር ሺህ እንግሊዛውያን ነበሩ፣ ይህ ነው የሚባል ሁከት ግን አልነበረም። በዚያው ሰሞን አልቡፌይራ በምትባለው የመዝናኛ ከተማ ግን እንግሊዛውያንና ፖሊስ ሌሊት ተፋጠጡ። የእገዳው ዝርዝር አንድ፣ አገሩ አንድ። ልዩነቱ ፖሊሱ ነበር። በጨዋታ ከተሞች የተሰማራው ኃይል ደጋፊውን እያነጋገረ፣ የአድማ በታኝ ልብሱን ደብቆ፣ ጥፋተኛውን ለይቶ ነበር የሚይዘው። አልቡፌይራ ላይ የነበረው ሌላ የፖሊስ ተቋም ነው፣ ያንን አሠራር አልተከተለም። ጉዳዩን ለዓመታት ያጠናው ክሊፎርድ ስቶትና ባልደረቦቹ ሰላሙን ያመጣው እገዳ ብቻ ነው ለማለት የሚከብዳቸው በዚህ ምክንያት ነው።

እኔም ወደ እነሱ አደላለሁ። እገዳ የታወቀውን ጠበኛ ቤቱ ያስቀረዋል። ሻርለሯ ላይ ወንበር ያነሳው ሁሉ ግን የታወቀ ጠበኛ አልነበረም። ሰክሮ፣ ተገፍቶ፣ ሌላው ሲያደርግ አይቶ የገባበት ብዙ ነው። እሱን የሚገታው እዚያው ቦታው ላይ ያለው ፖሊስ አያያዝ ነው።

ሌሎች አገሮችስ?

ጀርመን የራሷ ቁስል አላት። በ1998ቱ የፈረንሳይ ዓለም ዋንጫ ጀርመን ከዩጎዝላቪያ ሌንስ ላይ ስትጫወት፣ ጀርመናውያን ነውጠኞች አንድ ፈረንሳዊ ጀንዳርም (ወታደራዊ ፖሊስ) ቀጥቅጠው ለሳምንታት ራሱን አሳቱት፤ እስከ ዛሬም አልዳነም። ከዚያ ወዲህ የፓስፖርት ሕጉ የአገሪቱን ጥቅም ይጎዳል ተብሎ በሚታሰብ ሰው ላይ በደንብ ይሠራበታል። የጀርመን ብልሃት መታወቂያውን አለመርሳቷ ነው። ጀርመናዊ በአውሮፓ ውስጥ በመታወቂያ ብቻ መዞር ይችላል፤ ስለዚህ ፓስፖርቱ ብቻ ቢገደብ ዋጋ የለውም። መታወቂያውም "ለመውጫ አያገለግልም" ይባላል። ከዚህ ሌላ በጨዋታው ሰዓት ሰፈሩ ጣቢያ ቀርቦ እንዲፈርም የሚታዘዝ አለ። ፊርማው ኮሎኝ ላይ ከሆነ ሰውየው ሌንስ ላይ አይገኝም። የጀርመን ፖሊስ በስፖርት ነውጥ የሚያውቃቸውን ሰዎች የሚመዘግብበት ቋትም አለ፤ ስሙ እዚያ እንዳለ የማያውቅ ሰው መኖሩ አገር ውስጥ ብዙ ያነጋግራል።

ጣሊያን ውስጥ እገዳውን የሚሰጠው የፖሊስ ኃላፊ ነው፤ በጨዋታ ሰዓት ጣቢያ ቀርበህ ፈርም የሚለውን ግን ዳኛ ማጽደቅ አለበት። ፈረንሳይም ከ2006 ጀምሮ የክፍለ ግዛት አስተዳዳሪው እንዲህ ማገድ ይችላል።

አርጀንቲና ሌላ መንገድ ይዛለች። ዜጎቿን ከመውጣት ከመከልከል ይልቅ ስማቸውን ለአስተናጋጇ ታስረክባለች። ለኳታር ወደ 6000 የሚጠጉ ስሞች ሰጥታለች፣ ስታዲየም እንዳይገቡ። አስገራሚው፣ ዝርዝሩ ላይ ጠበኞች ብቻ አልነበሩም፤ ለልጃቸው ቀለብ ያልከፈሉ አባቶችም ነበሩበት። የልጅ ቀለብ መክፈል ተገቢ ነው፣ ከስታዲየም ጸጥታ ጋር ግን ምን አገናኘው? እንዲህ ያለ ዝርዝር አንዴ ከተከፈተ ወደ ጎን መስፋቱ አይቀርም።

አገሮች የነውጠኞችን ስም ዝርዝር መለዋወጣቸው በአውሮፓ ሥርዓት ተበጅቶለታል። በ2002 በወጣ ውሳኔ እያንዳንዱ የአውሮፓ ኅብረት አባል አገር አንድ የእግር ኳስ መረጃ ማዕከል አለው። ጨዋታ ሲኖር ማዕከሎቹ ማን እየመጣ እንደሆነ ይነጋገራሉ፤ ደጋፊዎቹን በመልክ የሚያውቁ ፖሊሶችም አብረው ይላካሉ። ጀርመን በ2024 የአውሮፓ ዋንጫን ስታስተናግድ ለዚህ ሥራ ኖይስ ከተማ ላይ የጋራ ማዕከል ከፍታ ነበር። በዚያ ላይ ከጁን 7 እስከ ጁላይ 19 በድንበሮቿ ሁሉ ቁጥጥር መልሳ ነበር።

በዜግነት መታገድ

እስካሁን ያወራነው ሰው ባደረገው ነገር ስለሚታገድበት ሕግ ነው። አስተናጋጅ አገሮች ሌላም መሣሪያ አላቸው። ሩሲያ በ2018፣ ኳታር በ2022 ደጋፊው ሁሉ አስቀድሞ የሚመዘገብበት መታወቂያ አወጡ። እንደ ቪዛ ያገለግላል፣ ያለ እሱ ስታዲየም አይገባም። ለደጋፊው ምቹ ነው፤ ለመንግሥት ደግሞ የማይፈልገውን ሰው ገና ከመነሻው መቁረጫ ነው። እንግሊዝ በ1990 የቀበረችው የመታወቂያ ሐሳብ ቢዘገይም በሌላ በር ገባ ማለት ይቻላል።

አሜሪካ ከካናዳና ከሜክሲኮ ጋር ለምታስተናግደው የ2026ቱ ዓለም ዋንጫ ደግሞ ጉዳዩ ዜግነት ሆኗል። በጁን 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ባወጡት አዋጅ የ12 አገሮች ዜጎች እንዳይገቡ ታገዱ። ኢራንና ሄይቲ ከ12ቱ መሐል ናቸው፣ ሁለቱም ለውድድሩ አልፈዋል። አዋጁ ለዓለም ዋንጫ የሚመጡ ተጫዋቾችን፣ አሠልጣኞችንና አጃቢዎቻቸውን ነጻ አድርጓል። ደጋፊውን ግን አልጠቀሰም። ቱሉዝ ላይ የተያዘው ሰውዬ መዝገብ ነበረው፤ የሄይቲው ደጋፊ መዝገቡ ፓስፖርቱ ነው። አዋጁ ሲጸና የሚሠራ ቪዛ የነበረውን ወይም የሌላ አገር ፓስፖርት ይዞ የሚመጣውን ጥምር ዜጋ አይመለከትም። ሌላው የቀረው መንገድ በየግለሰቡ የሚታይ ልዩ ፈቃድ ነው፤ እሱን መስጠትና መንሳት ደግሞ የባለሥልጣኖቹ ውሳኔ ነው።